ሚዛኑን ተዉትና ሜትሩን አምጡ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የምገዛው እኔ አይደለሁም። ጎረቤቴ ያለው ባለ ሱቅ ይገዛል፤ እሱ ሲጨርስ እኔ ጋ ይመጣል። እኔ ካነበብኩት በኋላ ደግሞ ለልብስ ቅድ መሥሪያ ይሆናል። ባለፈው ስለ ሴቶች ውፍረት የጻፋችሁበት ገጽ ግን ለቅድ አልሆነም። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አናዶኛል።

ጽሑፉ ውሸት አለው ማለቴ አይደለም። ስኳሩም፣ ደም ግፊቱም፣ የጉልበት ሕመሙም እውነት ነው። ያናደደኝ ከላይ እስከ ታች ኪሎ፣ ኪሎ፣ ኪሎ ማለቱ ነው። ስንት ኪሎ እንደምንቀንስ ነገራችሁን። በስንት ጊዜ እንደሆነም ነገራችሁን። አንዴ እንኳ "ወገብ" የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ልብስ ሰፊ ነኝና ይሄ አለፍ ብዬ የምተወው ነገር አልሆነልኝም።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ዕድሜዬ 47 ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ሳንቲም። ባለፈው ጥቅምት 86 ኪሎ ነበርኩ፤ ወገቤ 104፣ ዳሌዬ 118። ይህን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴ አያሳፍረኝም ማለት አይደለም። ግን የስንቱን ሴት ልክ ጽፌ ይዤ የራሴን ብደብቅ ደስ አይልም።

ልክ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። የመጀመሪያው የ1994 ዓ.ም. ነው። ሽፋኑ ስለወለቀ በጥለት ቁራጭ አስሬዋለሁ። ቁመት፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ክንድ፣ እጅጌ። ከስሙ ጎን "ለልጇ ሰርግ" ወይም "ለጥምቀት" ይላል። አንዳንዷ ደንበኛዬ ከ20 ዓመት በላይ ተመላልሳለች። ባለፈው ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ የ11 ሴቶችን ልክ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ በአንድ ወረቀት ላይ ደረደርኩት።

ጥናት አይደለም፤ ደብተር ነው። ግን ገረመኝ። በ30ዎቹ ውስጥ ሲወፍሩ ሁሉም አብሮ ነው የሚጨምረው፤ ደረቱም፣ ዳሌውም፣ ወገቡም። ከ45 ገደማ በኋላ ግን ዳሌው ይቆምና ወገቡ ብቻውን ይሄዳል። የአንዷ ዳሌ በ10 ዓመት 2 ሳንቲም ብቻ ጨምሮ ወገቧ 17 ሳንቲም ጨምሯል። ክንዷ ደግሞ ቀጥኗል። በአንድ ቀሚስ ላይ ወገቡን አስፍቼ እጅጌውን አጥብቤላታለሁ። ያኔ "ምን ዓይነት ገላ ነው" ብዬ በሆዴ ስቄ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኔም እንደዚያው ሆነ።

ይህን ለአንዲት ደንበኛዬ አጫወትኳት። ሐኪም ናት። ለእህቷ ሰርግ ልታሰፋ መጥታ፣ ልኳን እየወሰድኩ ነው ያወራነው። "እትዬ፣ ይሄ እኮ እኛ የተማርነው ነው" ብላ ሳቀች። የወር አበባ ሊቆም ሲቃረብና ሲቆም ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ድሮ ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድ ይዞራል። ከቆዳ ሥር ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቀለል ይል ነበር፤ ግን ወደ ውስጥም ገብቶ ጉበትና አንጀት ዙሪያ ይሰፍራል። ስኳርና የልብ በሽታ የሚያመጣው ይበልጡን እሱ ነው። በዚያው ዕድሜ ደግሞ ያልሠራ ጡንቻ እየሟሸሸ ይሄዳል። የዚያች ደንበኛዬ ክንድ የቀጠነው ለዚህ ነው። እንግዲህ ጡንቻው ወጥቶ ስቡ ሲገባ ሚዛኑ ምን ይላል? ምንም። ያው ኪሎ ነው።

ኪሎን በቁመት የሚያካፍሉበት ስሌት አለ አይደል? ቁመትን በሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ ኪሎውን ለወጣው ቁጥር ማካፈል። ከ25 በላይ ሲሆን ክብደት በዝቷል፣ ከ30 በላይ ሲሆን ውፍረት ነው ይላሉ። ልጄ በስልኳ ስታሰላልኝ 34 ወጣ። ስሌቱን ያመጣው ማን እንደሆነ ስታነብልኝ ደግሞ ሳቅኩ። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል የቤልጅየም ሰው ነው፤ በፈረንጆቹ በ1830ዎቹ። ሐኪም አልነበረም። የሂሳብና የከዋክብት ሰው ነው። የሕዝብን አማካይ ነበር የሚፈልገው፣ የአንዲት የሽሮ ሜዳ ሴት ጤና አይደለም። ስሌቱ አይጠቅምም አላልኩም። ግን ለሁሉም በአንድ ልክ የተቀደደ ቀሚስ ነው። አንዷን ይጠባታል፣ አንዷ ላይ ይንጠለጠላል።

ወደ ጤና ጣቢያው ልምጣ። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ሠራተኞቹ ደክመው ነው የሚውሉት። ጥቅምት ላይ ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሎኝ ሄድኩ። ግፊቴ 150 በ95 ሆነ። ከዚያ በፊት ግን ሚዛን ነበር። ሚዛኑ ኮሪደር ላይ ነው፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ፊት። አንዲት ልጅ ጫማዬን አስወልቃ አቆመችኝና ወዲያ ማዶ ለምትጽፈው ጮክ ብላ "ሰማንያ ስድስት!" አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ "እናት፣ ቀንሺ" አለችኝ። አለቀ። እንዴት፣ ከምኑ፣ በምን የሚል የለም። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች እንኳ ዝም ብለው ቁጥሩን ያሳዩሃል፤ አይጮሁብህም።

የደነገጥኩት ከግፊቱ ይልቅ በሰማንያ ስድስቱ ነው። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። በማግስቱ ጂም ተመዘገብኩ። ለአንድ ወር ከፍዬ 4 ቀን ሄድኩ። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። አሠልጣኙ የልጄ እኩያ ነው፤ "ማዘር፣ በርቺ! ማዘር፣ አትቁሚ!" ይለኛል። በአራተኛው ቀን ጉልበቴ አብጦ ቀረሁ። ብሬም እዚያው ቀረ።

ሐኪሟ ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትለካ ስትመጣ ከፍቶኝ አገኘችኝ። "ሚዛኑን ለጊዜው ይርሱት" አለችኝ። "አሁን ማወቅ ያለብን ገላዎ ምን መሥራት እንደሚችል ነው።" የምቀመጥበትን ወንበር ግድግዳ አስደግፋ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣመረች። በ30 ሰከንድ ውስጥ ሳልደገፍ ስንት ጊዜ ተነስቼ እንደምቀመጥ ቆጠረች። 8 ጊዜ። በስምንተኛው ላይ ወንበሩ ላይ ወደቅኩ ማለት ይቀላል። 23 ዓመት ቁጭ ብዬ የስፌት መኪና ስረግጥ የሠራው ቁርጭምጭሚቴ ብቻ ነው ለካ።

ሌላም መለኪያ ነገረችኝ። ሆስፒታል ውስጥ 30 ሜትር ኮሪደር ላይ ሰው ለ6 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ያራምዱና ስንት ሜትር እንደሄደ ይጽፋሉ። ሩጫ የለም። በራስህ አቅም ነው፤ ሲደክምህ መቆምም ይፈቀዳል። ኮሪደር ከየት ላምጣ? የኔ ሜትር 1 ሜትር ተኩል ነው። አንድ እሑድ ማለዳ ከሱቃችን ኋላ ባለው መንገድ ላይ ጎንበስ ብዬ 20 ጊዜ ዘረጋሁት። ያለፈ ያገደመው "ምን ጠፋብሽ?" ይለኛል። አንዲት እናት የጆሮ ጌጤ የጠፋ መስሏቸው አብረውኝ ሲፈልጉ ቆዩ። ጫፍና ጫፉን በኖራ ድንጋይ አሰመርኩ፤ ልጄ ሰዓት ያዘች። 340 ሜትር ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ቆሜ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ግን አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ የኛ ሰፈር ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እንዲህ ሲሆን ያስቃል እኮ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታመጣ ልጅ ነበርኩ። በማግስቱ የሰፈራችን ሴቶች ልጆች ሁሉ ሯጭ ሆንን፤ ባዶ እግራችንን ዳገት እንወጣ ነበር። መቼ እንዳቆምን አላስታውስም። ማንም አቁሙ አላለንም። ትዳር፣ ልጅ፣ ሥራ። አንድ ቀን ስትነቂ የታክሲ ደረጃ መውጣት ዳገት ሆኗል።

የሠራሁት ነገር ቀላል ነው፤ ብዙ አላወራበትም። ማለዳ ለግማሽ ሰዓት በእንጦጦ በኩል ዳገቱን ወጥቼ እመለሳለሁ፣ በሳምንት 5 ቀን። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ የሚለው ማለት ነው። ልኩ እያወሩ መሄድ መቻል፣ መዘመር ግን አለመቻል ነው አለችኝ ሐኪሟ። ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ደግሞ በሳምንት 2 ቀን። እኔ ለእሱ ጂም አልተመለስኩም። ሁለት እጅጌ በጨረስኩ ቁጥር 10 ጊዜ ከወንበሬ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ሥራ በበዛበት ቀን 60 ይደርሳል። ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ በሁለት እጄ ይዤ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ደንበኞች መጀመሪያ ያመመኝ መስሏቸው ነበር፤ አሁን ሁለቱ አብረውኝ ይሠራሉ።

ከምግብ የቀነስኩት ስኳርና ዘይት ነው። ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ሁለት ማንኪያ እከት ነበር። ጾም ያቀጥናል የሚለውን ደግሞ ተዉት። የኔ ጾም ዳቦ፣ ማካሮኒና በዘይት የዋኘ ሳምቡሳ ነበር።

ዳገቱ ላይ ጠዋት ጠዋት የማገኛቸው ሴቶች አሉ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ። አንዳንዶቹ የኔ እኩያ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከኔ ይበልጣሉ። እኔ ባዶ እጄን እያለከለክሁ እወጣለሁ፤ እነሱ ከነሸክማቸው "እንደምን አደርሽ" ብለውኝ ያልፋሉ። አንዴ አንዷን "ጉልበትዎ ያስቀናል" ብያቸው ቀና ብለው ሲያዩኝ አፈርኩ። የሳቸው ጉልበት ከችግር የመጣ ነው። ወገባቸው እንደሚያማቸው ማን ያውቃል።

የመሻሌን ነገር መጀመሪያ የነገረኝ ሚዛንም ሜትርም አይደለም። ስቅለት ነው። አምና በስቅለት 20 ሰግጄ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ዘንድሮ 41 እግዚኦታ ሙሉውን ሰገድኩ፤ ቆይቼም ደገምኩት። ለስፖርት አልሰገድኩም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ግን ስነሳ ከጎኔ ያሉትን ሴት ትከሻ አለመያዜን ልብ አልኩ።

ሰኔ ላይ ለክትትል ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። 8 ወር ሆኖኛል። ያቺው ልጅ፣ ያው ሚዛን። "ሰማንያ ሦስት!" ካርዱን አየችና "በ8 ወር ሦስት ኪሎ? እናት፣ አልጣርሽም" አለችኝ።

በስንት ጠዋት ዳገት ወጥቼ! ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ ግን ተናደድኩ። "ልጄ፣ ወገቤን ለክተሽኛል?" አልኳት። "ሜትር የለንም" አለች። እኔ ደግሞ ያለ ሜትር ከቤት አልወጣም። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ መጋረጃው ጀርባ ወሰደችኝ። ጥሩ ልጅ ናት በእውነት፤ ጩኸቱን ያስለመዳት ወረፋው ነው።

ከቀሚሴ በላይ ልትለካኝ ስትል አስቆምኳት። እንዲህ አይለካም። እኔም ብሆን በፊት ለቀሚስ የምለካው ወገብ በሚቀጥንበት ቦታ ነበር። ቦርጭ ያለን ሴቶች ጋ ግን የሚቀጥን ቦታ የለም፤ ሜትሩ ይዞራል እንጂ የሚያርፍበት አያገኝም። ሐኪሟ ያሳየችኝን አሳየኋት። በጎን በኩል የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት ትዳብሻለሽ። ከዚያ የዳሌ አጥንቱን አናት። የሁለቱ መሀል ነው ቦታው። ሜትሩ በገላ ላይ ይረፍ፣ አይጫን። ኋላውም ፊቱም እኩል ይሁን። ሴትዮዋ ሆዷን አትሳብ፤ ተንፍሳ ስትጨርስ አንብቢ። ደንበኞቼ "ሳብ አድርጊው" ይሉኛል ሁልጊዜ። ለቀሚስ ከሆነ እሺ፣ ዚፑ ይፈርዳል። ለጤና ግን ማንን ነው የምናታልለው?

95 ሆነ። ከ104 ወደ 95። ዳሌዬ 115። ልጅቷ ሁለቴ ለካች። ከዚያ ወንበሯን ለምኜ የ30 ሰከንዱን አሳየኋት፤ 14 ጊዜ ተነሳሁ። በስድስቱ ደቂቃ 450 ሜትር መድረሴን፣ አንዴም አለመቆሜን በአፌ ነገርኳት። ግፊቴ 132 በ84። መድኃኒትም ስለጀመርኩ ግፊቱን የቀነሰው እግሬ ብቻ ነው አልልም። ግን ያ የኪሎ ስሌት ከ34 ወደ 33 ብቻ ነው የሄደው። በሱ ቢሆን አልጣርኩም።

ገና እንደሚቀረኝ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴት ከ80 ሳንቲም በላይ አደጋው ይጀምራል፣ ከ88 በላይ ደግሞ በጣም ይጨምራል ይላል። ወገብ ለዳሌ ሲካፈል 0.85 ከደረሰም ያሳስባል፤ የኔ ከ0.88 ወደ 0.83 ወርዷል። ሌላው ወገብ ከቁመት ግማሽ አይለፍ የሚለው ነው። ይሄ ለእናቶቻችንም ይገባል፤ ክር ይዘሽ ቁመትሽን ትለኪያለሽ፣ ለሁለት ታጥፊዋለሽ፣ ወገብሽን ከዞረልሽ ደህና ነሽ። የኔ ክር 79 ላይ ያልቃል፤ ከእምብርቴ አጠገብ ክፍቱ ይታያል። ለነገሩ እናቴ ሜትርም ክርም አላስፈለጋትም። መቀነቷ ስንት ዙር እንደሚዞራት ታውቅ ነበር። ሦስት ዙር የነበረው ሁለት ተኩል ሲሆን "ዘንድሮስ ሰፋሁ" ትላለች።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ከርዕሱ ብወጣም። እኛ አገር በሴት ገላ ላይ አስተያየት መስጠት እንደ ሰላምታ ነው። 86 ኪሎ ሆኜ "ተመችቶሻል፣ አማረብሽ" ይሉኝ ነበር። ፊቴ ትንሽ ገባ ሲል እድር ላይ አንዷ እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና "ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ? ለኔ ንገሪኝ" አለች። መክሳት በሽታ የነበረበት ዘመን ስላሳለፍን ይገባኛል፣ አልፈርድባትም። ግን ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ሦስት እንጀራ በላሁ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይሄ ነው። ጤና ጣቢያዎች ሜትር ይግዙ። ከመድኃኒትና ከማሽን ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም አይደል። ከግፊት መለኪያው ጎን ይንጠልጠል፤ ካርዱ ላይ ኪሎ ከሚጻፍበት ሥር ወገብ የሚል መስመር ይኑር። ቦታ ካለ ከወንበር ስንት ጊዜ እንደተነሳችም ይጻፍ። ለዚያ የሚያስፈልገው ወንበርና ሰዓት ነው፤ ሁለቱም አሉ። ሚዛኑንም መጋረጃ ጀርባ አስገቡት፣ ቁጥሩን ለባለቤቷ ብቻ ይንገሯት። የኔን ሜትር ለልጅቷ ትቼላት መጥቻለሁ፤ ሌላ ገዝቻለሁ።

እናንተም ስለ ውፍረት እንደገና ስትጽፉ ወገብ እንዴት እንደሚለካ በሥዕል አድርጋችሁ አውጡልን። ያንን ገጽ ቆርጬ ከመስታወቴ አጠገብ እለጥፈዋለሁ። ሥዕሉ ላይ የምትቆመው ሴት ግን እባካችሁ ቀጭን አትሁን።

አክባሪያችሁ፣
ልብስ ሰፊዋ፣ ከሽሮ ሜዳ